«ማኒፑራዬ ተዘግቷል» ለምትሉኝ ሁሉ

ባለፈው ወር ለጠዋቱ የ12 ሰዓት ተኩል ክፍል አንዲት ልጅ መጣች። ሹራቧ ቢጫ፣ ካልሲዋ ቢጫ፣ አንገቷ ላይ ቢጫ ድንጋይ። «ቲቸር፣ ሶላር ፕሌክሰስ ቻክራሽ ተዘግቷል ተብያለሁ፣ በምን ልክፈተው?» አለችኝ። ቻክራ የሚባለው የህንድ የዮጋ ጽሑፎች በሰውነት ውስጥ አለ የሚሉት፣ በሎተስ አበባ የሚሣል የኃይል ማዕከል ነው፤ ማኒፑራ የእምብርቱ ነው። ማን አለሽ ስላት ስልኳን አወጣች። ጥያቄ የሚደረድር ቪዲዮ ነው። ስብሰባ ላይ ለመናገር ትፈሪያለሽ? ሆድሽን ያቃጥልሻል? ሁለቱንም አዎ ካልሽ አለቀልሽ፣ ተዘግተሻል።

ሆዱን አቃጥሎት የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ።

ዮጋ ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ፣ ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደመለስኩ እኔም አላውቅም። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ «አንብብ» ልበለው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

«ሶላር ፕሌክሰስ እና ማኒፑራ አንድ ናቸው።»

አይደሉም። ሶላር ፕሌክሰስ የሐኪም ቃል ነው። ከጨጓራ ጀርባ ያለ የነርቭ ጥልፍልፍ ሲሆን፣ ነርቮቹ እንደ ፀሐይ ጨረር ስለሚበተኑ ነው ስሙን ያገኘው። ማኒፑራ ደግሞ ሳንስክሪት ነው፤ ማኒ ዕንቁ፣ ፑራ ከተማ፣ የዕንቁ ከተማ እንደማለት። ቦታው በጽሑፎቹ የእምብርት ሥር ነው፣ ከታች ሲቆጠር ሦስተኛው። ሁለቱን ያጋቧቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ዮጋን በሳይንስ ቋንቋ ለማስረዳት የደከሙ ሰዎች ናቸው። ፈረንጆችም ህንዶችም ነበሩበት።

ደግሞ ቀድሞ ያጣራ ሰው አለ። ዳያናንዳ ሳራስዋቲ፣ በኋላ በ1875 አርያ ሳማጅ የሚባለውን የሂንዱ ተሐድሶ ማኅበር የመሠረተው፣ ወጣት መነኩሴ ሳለ ስለ ቻክራ የሚተርኩ መጻሕፍት ይዞ ይዞር ነበር። አንድ ቀን ጋንጅስ ወንዝ ላይ ሬሳ ተንሳፎ ሲያይ ዘሎ ገባ፣ ጎትቶ አወጣው፣ በቢላ ቀደደው። መጽሐፉን አጠገቡ ዘርግቶ ልቡን አየ፣ አንገቱን አየ፣ ጭንቅላቱን አየ። የተጻፈው የለም። መጻሕፍቱን ቀዳዶ ከሬሳው ጋር ወደ ወንዙ ወረወራቸው። ይህን የጻፈው ራሱ ነው። እኔ መጽሐፍ አልቀድም፣ ግን ቢላ ይዞ ሎተስ አበባ የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን ከመነሻው ተሳስቷል እላለሁ። ቻክራ በሐሳብ የሚሣል ነገር ነው፤ አሰላሳዩ ቁጭ ብሎ በውስጡ ይገነባዋል።

«ቀለሙ ቢጫ ነው።»

ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የቻክራ አሣሣል በአብዛኛው የመጣው ሻት ቻክራ ኒሩፓና ከሚባል፣ ፑርናናንዳ የተባለ የቤንጋል ሊቅ በ1577 ከጻፈው የሳንስክሪት ግጥም ነው። በ1919 ጆን ውድሮፍ የሚባል፣ ካልካታ ዳኛ የነበረ እንግሊዛዊ ተርጉሞ አሳተመው። እዚያ ውስጥ የማኒፑራ ሎተስ ዐሥር ቅጠሎች ዝናብ ያረገዘ ደመና ይመስላሉ፤ የነሐሴን ሰማይ አስቡ። ቅጠሎቹ ላይ ያሉት ፊደላት ሰማያዊ ናቸው። መሐሉ ላይ እንደ ንጋት ፀሐይ የቀላ የእሳት ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ «ራም» የሚለው ድምፅ፣ በግ ላይ የተቀመጠ የእሳት አምላክ። ቢጫውስ? ቢጫው ከታች፣ ሙላዳራ የሚባለው የመጀመሪያው ቻክራ ላይ ነው፤ የመሬት ምልክት የሆነው አራት ማዕዘን።

ሰባቱን ቻክራ በቀስተ ደመና ተራ ማሰለፍ በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው። ያምራል፣ ለፖስተር ይመቻል። እና ሙዝ፣ እርድ፣ ቢጫ ቃሪያ ብሉ ይሏችኋል። በዚህ ሒሳብ አልጫ ክክ ስንበላ ያደግን ሁሉ እስካሁን በርተን ነበር።

«ቻክራ ሰባት ነው።» አምስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥራ ሁለት የሚሉ ጽሑፎች አሉ። የፑርናናንዳ ግጥም ርዕሱ ራሱ ስድስት ነው የሚለው።

«ቦርጭ ያጠፋል።» አያጠፋም።

«የራስ መተማመን ማዕከል ነው።» ግጥሙ የሚሰጠው ተስፋ ዓለምን የመፍጠርና የማጥፋት ኃይል ነው፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ትንሽ ይበዛል። ስሜትን እዚያ ያስቀመጠው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሐኪም ካርል ዩንግ ነው፣ በ1932 ዙሪክ ላይ በሰጠው ትምህርት። ከዚያ አሜሪካኖቹ ተቀብለው «የግል ኃይል» አደረጉት። ለእኛማ ሆድ ውስጥ እሳት አዲስ አይደለም፤ ቆሽቴ አረረ ስንል ኖረናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

«ተዘግቷል።»

በልማዱ መሠረት ሎተሶቹ በማንኛውም ተራ ሰው ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ነው ያሉት። ቀና የሚሉት ኩንዳሊኒ የምትባለው ኃይል ከሥር ተነሥታ ስታልፍ ነው፤ ያም መምህር ይዞ፣ ዕድሜ ሰጥቶ፣ ለጥቂቶች። ስለዚህ «ማኒፑራህ ተዘግቷል» የሚልህ ሰው በእኛ ቋንቋ «የበቃህ ባሕታዊ አይደለህም» እያለህ ነው። እውነቱን ነው። ግን ይህን ለመስማት ገንዘብ ይከፈላል? በሁለት ሳምንት ስልጠና እከፍትልሃለሁ ማለትስ ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

እኔን የሚያናድደኝ ገንዘቡ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ቢጫ የለበሰችውን ልጅ መቼ ነው የሚያቃጥልሽ አልኳት። ሲርባት፣ ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሳታል። ከጀመራት? ሦስት ወር። ሰገራሽ ጠቁሯል ወይ ስላት ዝም አለች፣ አፍራ። ቪዲዮው በነገራት መሠረት በየጠዋቱ በባዶ ሆድ ሎሚ በውኃ ጠጥታ ሦስት መቶ ካፓላባቲ ትሠራ ነበር። ሆድን እያርገፈገፉ በአፍንጫ ፉት ፉት የሚያስወጡት ትንፋሽ ማለት ነው። ምንጣፍሽን አጣጥፊና አሁኑኑ ሐኪም ጋ ሂጂ አልኳት። ኤንዶስኮፒ ታየች፦ የጨጓራ ቁስለት፣ ኤች ፓይሎሪ። መድኃኒቷን ሁለት ሳምንት ወሰደች፣ ሌሊት መተኛት ጀመረች። ሦስት ወር ሙሉ ቁስሏ ላይ ፓምፕ ስትሠራ ነበር እኮ!

ስለዚህ እባካችሁ። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ያለው ትውከት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ አልወርድ ማለት፣ እነዚህ የሐኪም ጉዳይ ናቸው፣ የዚያው ቀን። ካፓላባቲና አግኒሳራ (ትንፋሽ አስወጥቶ ይዞ ሆድን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ማርገብገብ) ነፍሰ ጡር፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ሄርኒያ ያለበት፣ በቅርቡ ሆዱን ቀዶ ጥገና የተሠራ፣ ጨጓራው የቆሰለ አይሠራም። ጤነኛም ቢሆን በሠላሳ ይጀምር፣ ያርፍ፣ ራሱን ካዞረው ያቁም። ከምግብ በኋላ ቢያንስ ሦስት ሰዓት። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ጾማችሁ፣ ሽሮውን ጠርጋችሁ፣ 11 ሰዓት ላይ ክፍል የምትመጡ ሰዎች፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ያን ቀን ትንፋሹን ዝለሉት።

ሆድን ማንቀሳቀስ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ የሚባለው የ15ኛው ክፍለ ዘመን የዮጋ መጽሐፍ ናውሊ የተባለውን የሆድ ማሽከርከር የምግብ መፍጫውን እሳት ይቀሰቅሳል ብሎ ያወድሰዋል። ግን ሐኪም ይተካል አላለም።

አንድ የቀረ አለ፣ ከወዳጆቼ ወገን የሚመጣ። «ቻክራ ከሃይማኖት ጋር አይገናኝም፣ ጉልበት ብቻ ነው» የሚሉ አስተማሪዎች አሉ፣ ተማሪ እንዳይሸሽባቸው። ይገናኛል። ማኒፑራ ላይ ሩድራ የሚባል አምላክ አለ፣ ላኪኒ የምትባል አምላክ አለች፣ «ራም»ም የእሳቱ ጸሎት ነው። እኔ ክፍሌ ውስጥ ወገብና ትንፋሽ አስተምራለሁ፣ ማንትራ አላስደግምም፤ የሚፈልግ ግን ምን እንደሆነ አውቆ ይግባበት።

ልጅቷ ተመልሳለች። ሎሚውን ትታለች፣ ቢጫ ካልሲዋን ግን አልተወችም፤ ያምርባታል።