የግልግል ዳኝነት መቀመጫ ምንድን ነው?

ካዛንቺስ ቢሮ የተከራየ አንድ ድርጅት ከውጭ አገር ሶፍትዌር ሊገዛ ነው እንበል። ዋጋው፣ የርክክቡ ቀንና የሶርስ ኮዱ ባለቤትነት ለሳምንታት ሲያከራክሩ ይከርማሉ። የውሉ መጨረሻ ገጽ ላይ «አለመግባባት ቢነሳ በግልግል ዳኝነት ይታያል፤ መቀመጫው ለንደን ነው» የሚል መስመር አለ። እዚህ ሲደረስ ሁሉም ደክሞታል፤ ይፈረማል። መስመሩን ያስገባው የሻጩ ጠበቃ ግን ምን እንዳስገባ ጠንቅቆ ያውቃል።

የግልግል ዳኝነት ተዋዋዮች ክርክራቸውን ከፍርድ ቤት ይልቅ ለተመረጡ የግል ዳኞች የሚያቀርቡበት መንገድ ነው። መቀመጫ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ዳኞቹ ተሰብስበው ክርክር የሚሰሙበት አዳራሽ ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። መቀመጫ ማለት ግልግሉ በሕግ የሚታሰርበት አገር ነው። ሂደቱን የሚገዛው የዚያ አገር የግልግል ሕግ ነው። ተከራካሪዎች ዳኛ በመሾም ሳይስማሙ ቢቀሩ ወይም አንዱ ዳኛ ገለልተኛ አይደለም ቢባል ድጋፍ የሚጠየቀው የዚያ አገር ፍርድ ቤት ነው። ከሁሉም በላይ፣ ውሳኔው ይሻርልኝ የሚል አቤቱታ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ምስክር ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሊሰማ፣ ክርክሩ ከዳር እስከ ዳር በዙም ሊካሄድ ይችላል፤ መቀመጫው ግን ከተጻፈበት አይነቃነቅም። ውሉ የሚተረጎምበት ሕግም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፦ የኢትዮጵያ ሕግ የሚገዛው ውል መቀመጫው ለንደን ቢሆን የሚከለክል የለም።

ይህን ልዩነት አዲስ አበባ በቀላሉ አልተማረችውም። የጣልያኑ ሳሊኒ ኩባንያ ከአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጋር በገባው የግንባታ ውል የተነሳ ክርክር በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ሥር ለግልግል ቀርቦ ነበር። መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። ዳኞቹ ግን ክርክሩን ፓሪስ ላይ ለመስማት ወሰኑ። ባለሥልጣኑ በዳኞቹ ላይ ተቃውሞ አነሳ፤ ተቃውሞው በንግድ ምክር ቤቱ ውድቅ ሲሆንበት ጉዳዩን ወደ ኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ወሰደ፤ ሂደቱ እንዲቆምም ትእዛዝ ወጣ። የግልግል ጉባኤው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 በሰጠው ውሳኔ ትእዛዙን አልቀበልም ብሎ ቀጠለ። የባለሥልጣኑ ጠበቆች «መቀመጫው እዚህ ስለሆነ የመጨረሻው ቃል የፍርድ ቤታችን ነው» ማለታቸው ከሕግ ያፈነገጠ አልነበረም። ዳኞቹም ክርክሩን ሌላ ከተማ መስማት መቀመጫን እንደማይቀይር ማስረዳታቸው ልክ ነው። ለእኔ አስቸጋሪው የፍርድ ቤት ትእዛዝን አለመቀበላቸው ነው፤ እንዲህ የተገኘ ውሳኔ እዚሁ አገር ይፈጸም ቢባል ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሌላው ኮንስታ የተባለው የሥራ ተቋራጭ ጉዳይ ነው። ከኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ጋር የነበረውን ክርክር ያስተዳደረው ሄግ ያለው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ነው፤ መቀመጫው ግን አዲስ አበባ ነበር። ውሳኔው ለኮንስታ ሆነ። መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሻረው። «ሄግ ያስተዳደረውን አዲስ አበባ እንዴት ይሽረዋል?» ብለው የተገረሙ ነበሩ። አስተዳዳሪው ተቋም ያለበት ከተማና መቀመጫው የተለያዩ መሆናቸውን ላየ ሰው የሚያስገርም ነገር የለውም።

በዚያን ጊዜ ሰበር በር ላይ መቆለፊያ ማድረግ አይቻልም ነበር። ሰበር ሰሚው ራሱ በ2003 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 42239 ተዋዋዮች ውሳኔው የመጨረሻ ይሁን ብለው ቢስማሙም መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ አየዋለሁ ብሎ ነበር። የግልግል ዳኝነት እና የእርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ይህን ቀየረው። አሁን ይግባኝ የሚኖረው ተዋዋዮች ከፈቀዱት ብቻ ነው። ሰበር ደግሞ የሚቀረው በግልጽ ከተስማሙ ነው። ዝም ካሉ ሰበር አለ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባን መቀመጫ የሚያደርግ ሰው ስለ ሰበር አንድ ዓረፍተ ነገር ካልጨመረ የውጭው ወገን ሥጋት እንዳለ ይቆያል። እኔ ብሆን እጽፋታለሁ፤ ደንበኛዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካልሆነ በቀር። የአስተዳደር ውል በግልግል የሚታየው ሕግ ሲፈቅድ ብቻ ስለሆነ እዚያ ጥያቄው ከመቀመጫ በፊት ይጀምራል።

መቀመጫ የውሳኔው የትውልድ ወረቀትም ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 የኒውዮርክ ስምምነትን፣ ማለትም በውጭ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ በአባል አገሮች እንዲፈጸም የሚያደርገውን ስምምነት፣ ተቀብላለች፤ ስምምነቱ ለአገራችን የጸናው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ነው። ስንቀበለው ግን ገደብ አስቀምጠናል፦ ውሳኔው የተሰጠበት አገርም የስምምነቱ አባል መሆን አለበት፣ ጉዳዩ የንግድ መሆን አለበት፣ የቆዩ ውሎችንና ውሳኔዎችንም አይመለከትም። ለንደን የተሰጠ ውሳኔ በዚህ መንገድ እዚህ ሊፈጸም ይችላል፤ አዲስ አበባ የተሰጠው ደግሞ በሌሎቹ አባል አገሮች። ከሳሹ የትም ያሸንፍ፣ የካዛንቺሱ ድርጅት ንብረት ያለው አዲስ አበባ ነውና የአፈጻጸም መዝገቡ መድረሻ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ነው። «ለንደን ስለተጻፈ እዚህ አይነኩኝም» ብሎ የሚዝናና ነጋዴ አጋጥሞኛል።

የቴክኖሎጂ ውሎች ላይ ከሁሉ የከፋው የተዘበራረቀ አጻጻፍ ነው። «ሜክሲኮ ባለው የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት የግልግል ተቋም፣ በሲንጋፖር ሕግ፣ ለንደን ወይም ናይሮቢ» የሚል ሐረግ ያለው ውል ክስ ሲነሳ ስለ ሶፍትዌሩ ከመከራከር በፊት ወራት የሚበላው የት እንከራከር የሚለው ነው። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት፣ ፕሮግራመሮቹ ባንጋሎር፣ ገዢው ካዛንቺስ ሲሆን መቀመጫው የቱ እንደሆነ ከሁኔታው መገመት አይቻልም። ካልተጻፈ የሚመርጡላችሁ ተቋሙ ወይም ዳኞቹ ናቸው። አንድ ከተማ ከነአገሩ ይጻፍ፦ «የግልግል ዳኝነቱ ሕጋዊ መቀመጫ አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ ነው፤ ክርክሩ በሌላ ቦታ ወይም በኦንላይን ሊሰማ ይችላል» ቢባል ይበቃል። ሰበር እንዲቀር የተስማማችሁ ከሆነ ቀጥሎ እሱን አስገቡ።