በጎንደር ግቢ ዓመታዊ አበቦችን ከዘር ማሳደግ

ዓመታዊ አበባ የሚባለው ከዘር በቅሎ፣ አብቦና ዘር ሰጥቶ ሕይወቱን በአንድ ወቅት የሚጨርስ ተክል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሙቀት ወዳድ የሚባሉት ውርጭ የማይችሉና ዘራቸው በቀዝቃዛ አፈር በቶሎ የማይነሣ ናቸው። ዚኒያ፣ ኮስሞስ፣ ማሪጎልድ፣ የሱፍ አበባ፣ ሴሎዥያ፣ ፖርቱላካና ፔቱኒያ በዚህ ወገን ይመደባሉ። ቀያቸው፣ ብርቱካንማቸውና ሐምራዊያቸው ከሩቅ ይጣራል። ጽጌረዳ ከግንድ ቁራጭ ተተክሎ ዓመታት ሲቆይ፣ እነዚህ ግን በአንድ ቁንጥር ዘር ተጀምረው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ግቢ ይሞላሉ። መሬት የሌለው ሰው በጣሳ፣ በአሮጌ ባልዲ ወይም አፉ በተሸረፈ እንስራ ሊያሳድጋቸው ይችላል።

ጎንደር ለእነዚህ አበቦች የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን አማካይ ሙቀቷ ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጠጋል፤ የዚኒያና የማሪጎልድ ዘር ለመብቀል ከሚፈልገውም ብዙ አይርቅም። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለችው አዘዞ ዝቅ ብላ በ2000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ትንሽ ትሞቃለች። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ግን ቡቃያውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም።

ከውጭ አገር በሚመጣ የዘር ፓኬት ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ እንዲዘራ የሚያዝ ጽሑፍ ይገኛል። ትእዛዙ የተጻፈው መሬቱ በበረዶ ተሸፍኖ ለሚከርም አገር ነው። ጎንደር ላይ የመዝሪያውን ቀን የሚወስነው ብርድ ሳይሆን ውሃ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ከመጠን በላይ ይበዛል፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ደግሞ ይጠፋል። በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚሆነው የከተማዋ ዝናብ አብዛኛው በክረምት ይወርዳል። በሐምሌ ሜዳ ላይ የተበተነ ዘር ዶፍ ይጠርገዋል፤ ካልጠረገው ጭቃ ይውጠዋል፤ የበቀለውም ፀሐይ አጥቶ ቀጥኖ ይረዝማል። ፓኬቱን አምኖ በሚያዝያ የሚዘራ ሰው ደግሞ እስከ ሰኔ ድረስ ውሃ ሲያጠጣ ይከርምና አበባው ልክ በዝናቡ መሐል ይደርስበታል። ትልልቆቹ የማሪጎልድ ራሶች ውሃ ጠጥተው ከብደው አንገታቸው ይሰበራል፣ ውስጣቸውም ይበሰብሳል። ነገሩን አጥብቄ የማነሣው ብዙ ሰው ጥፋቱን በዘሩ ወይም በእጁ ላይ አድርጎ አበባ መዝራት ሲተው ስላየሁ ነው። ጥፋቱ ያለው ቀኑ ላይ ነው።

በእኔ እምነት ከሁሉ የሚሻለው የመዝሪያ ጊዜ የነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ዝናቡ ይሳሳል፣ አፈሩ እርጥበት እንደቋጠረ ነው፣ ፀሐይም ቀን በቀን ትበረክታለች። በዚህ ጊዜ በቀጥታ መደብ ላይ የተዘራ ዚኒያ መስከረምን በቅጠል ያሳልፍና በጥቅምት መገባደጃ ያብባል። ለእንቁጣጣሽ አበባ የሚፈልግ ግን መቅደም አለበት። ዚኒያ ከተዘራ በኋላ የመጀመሪያውን አበባ ለማሳየት ከ60 እስከ 70 ቀን ይፈልጋል፤ ሰኔ 25 ቀን ከተዘራ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ 70 ቀን ይሞላዋል። ዶፉ እንዳይመታው ዘሩን ብርሃን ባለው የጣሪያ ጥግ ሥር፣ በሳጥን ውስጥ አብቅሎ ከሐምሌ መጨረሻ በኋላ ከፍ ወዳለ መደብ ማዛወር ያስፈልጋል። የጥምቀት አበባ ደግሞ የጥቅምት ዘር ነው። ከጥቅምት 20 እስከ ጥር 11 ያለው 81 ቀን ስለሆነ ቀዝቃዛው ሌሊት የሚያዘገየውን ያካክሳል። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወርዱበትና ከተማዋ በእንግዳ በምትሞላበት ሰሞን፣ በረዷማ አገር የሚሞቱት እነዚህ አበቦች ጎንደር ላይ በደጃፍ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። ያን ጊዜ ግን ዝናብ የለምና ተክሉ የሚኖረው በሰው እጅ ውሃ ብቻ ነው።

የቀን ርዝመትም የራሱ ሥራ አለው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ ረጅሙ የሰኔ ቀን እንኳን 13 ሰዓት አይሞላም። ኮስሞስ፣ ትልቁ ማሪጎልድና ዚኒያ ደግሞ ቀኑ ሲያጥር ለማበብ የሚቸኩሉ ናቸው። በሰሜን አውሮፓ 16 ሰዓት ብርሃን እያገኘ የሰው ትከሻ የሚደርስ ኮስሞስ እዚህ ከዚያ በጣም አጥሮ እምቡጥ ሊቋጥር ይችላል። ይህ በሽታ አይደለም፣ ማዳበሪያ በመጨመርም አይለወጥም። ቁመቱ ስለሚያጥር ፓኬቱ ከሚለው ጠጋ ጠጋ አድርጎ መትከል ነው የሚያዋጣው።

አብዛኞቹ አበቦች ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። የዚኒያ፣ የኮስሞስና የማሪጎልድ የትውልድ አገር ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው። ዚኒያ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1759 ከሞተው ጀርመናዊ የእጽዋት ሊቅ ከዮሐን ጎትፍሪድ ዚን ነው። የሱፍ አበባ ከሰሜን አሜሪካ፣ ፖርቱላካና ፔቱኒያ ከደቡብ አሜሪካ ናቸው። ዘር ከጎንደርም ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1770 ከተማዋ የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወደ አውሮፓ ሲመለስ የኢትዮጵያን ዕፅዋት ዘርና ሥዕል ይዞ ሄዷል። እንግዶቹ አበቦችም ቢሆኑ ለጎንደር ሰው ባዕድ አይደሉም። ዚኒያ፣ ኮስሞስ፣ ማሪጎልድና የሱፍ አበባ በዕፅዋት ትምህርት ከአደይ አበባና ከኑግ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ኮስሞስማ የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው። አደይ ራሱ ማንም ሳይዘራው በየዓመቱ ከረገፈ ዘሩ ይነሣል፣ መስከረምን ያደምቃል፣ ከዚያም ይደርቃል።

የጎንደር ጓሮ ከዘር ጋር ያለው ትውውቅም ከእነዚህ አበቦች ይቀድማል። በሶብላና ድንብላል በየዓመቱ ይዘራሉ፤ ጤና አዳምና አሪቲ ጥግ ይዘው ይኖራሉ። ሴቶች ሥሩን ቀጥቅጠው እጅና እግራቸውን የሚያሞቁበት እንሶስላም ብዙ ዘመዶች አሉት፤ አንዱ በሌሎች አገሮች ለጌጥ የሚዘራው ዓመታዊው ባልሳም ነው። የሁለቱም የዘር ከረጢት ሲበስል በእጅ ከተነካ ይፈነዳና ዘሩን ይረጫል። በሶብላ ዘርታ የምታበቅል እናት ሴሎዥያን ለማብቀል የጎደላት ዘሩ ብቻ ነው።

አፈሩ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ጥቁሩ ዋልካ በክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥር ያፍናል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ቀዩ አፈር ውሃ ያሳልፋል፣ ግን ቶሎ ይደክማል። ለሁለቱም መድኃኒቱ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ ነው፤ ለዋልካው አሸዋ መጨመርና መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግም ያስፈልጋል። ትኩስ ፍግ ለጋውን ሥር ያቃጥላል። ኮስሞስ በተለይ የደለበ አፈር አይስማማውም፤ ቅጠሉ ይበዛና አበባው ይዘገያል። ከከተማዋ አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር የሚመጣ ሸክላ ለአበባ ማስቀመጫ ያምራል፤ ነገር ግን ሸክላ በጎኑ ውሃ ስለሚያተን በበጋ ከፕላስቲክ ዕቃ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ውሃ ይፈልጋል። ዕቃው ምንም ይሁን ምን ከታቹ መበሳት አለበት።

የመዝሪያው ጥልቀት የዘሩን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ነው። የሱፍ አበባ እስከ ጣት አንጓ ድረስ ይገባል፤ ዚኒያና ማሪጎልድ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ አፈር ይበቃቸዋል። ፔቱኒያና ፖርቱላካ ግን ጨርሶ አይቀበሩም። የፔቱኒያ ዘር ከደቃቅነቱ የተነሣ አንድ ግራሙ ወደ 10,000 ፍሬ ሊይዝ ይችላል፤ ለመብቀልም ብርሃን ይፈልጋል። ከደረቀ ደቃቅ አሸዋ ጋር ደባልቆ በረጠበ አፈር ላይ መነስነስ፣ ከዚያም በመዳፍ ቀስ ብሎ መጫን በቂ ነው። ውሃም ከላይ አይፈስበትም፤ ዕቃውን ውሃ በያዘ ሳፋ ወይም ትሪ ላይ አስቀምጦ አፈሩ ከታች እንዲጠጣ ማድረግ ይሻላል።

ሙቀት ካገኘ ዚኒያ በአራትና በአምስት ቀን አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ ትልቁ ጠላትም የሰው ደግነት ነው። ማታ ውሃ የጠገበ ቡቃያ ጠዋት ሲታይ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሆኖ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት አንገቱ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ጠቁሮ፣ ወደ ጎን ተኝቶ ይገኛል። በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ሻጋታዎች ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት፤ አንዴ የወደቀውን የሚያነሣ መድኃኒት የለም። መከላከያው ዘሩን ማሳሳት፣ ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግ፣ ጠዋት ብቻ ማጠጣት፣ የአፈሩ ፊት ደረቅ እስኪል መታገሥ ነው። እኔ በአንድ ሌሊት አንድ ሳጥን ሙሉ ማሪጎልድ ያጣሁት በዚሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሳላስገባ ውሃ አላነሣም።

ዶሮ ያለበት ግቢ የተዘራ መደብ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ መጣል የታወቀ ዘዴ ነው። ችግኙ ስንዝር ሲያህል ጫፉ ይቀነጠሳል፤ ከጎን ቅርንጫፍ አውጥቶ አንዱ ተክል ብዙ አበባ ይሸከማል። የሱፍ አበባ ባለ አንድ ራሱ ግን አይቀነጠስም። የጠወለገ አበባ በየጊዜው ካልተቆረጠ ተክሉ ዘር ማፍራቱን እንደ ፍጻሜ ቆጥሮ ማበቡን ያቆማል። ክሽክሽ የሚባለው የተክል ፈሳሽ መጣጭ ጥቃቅን ተባይ በውሃ ግፊት ታጥቦ ይወርዳል። በዚኒያ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው ነጭ ሻጋታ የሚበረታው ተክሎቹ ተጨናንቀው ነፋስ ሲያጡ ስለሆነ በመካከላቸው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር መተው ይረዳል።

ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር የአበባ ድርሻ ከሰው ድርሻ አይቀድምም። ሳሙና ያልገባበት የአትክልትና የጥራጥሬ እጣቢ ለአንድ ትንሽ መደብ ይበቃል። በሥሩ ደረቅ ሣር መጎዝጎዝም እርጥበቱን ያቆያል። ይህም ለሚያስቸግረው ሰው ፖርቱላካ አለ፤ ወፍራም ቅጠሉ ውሃ ያጠራቅማል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይፈካል፣ ሲመሽ ይከደናል።

ዘሩን ከራስ አበባ ማስቀረት ቀላል ነው። በግንዱ ላይ የደረቀ፣ ቡናማ የሆነ አንድ የዚኒያ ራስ ቆርጦ አንዱን የደረቀ የአበባ ቅጠል ሳብ ቢያደርጉት ከታቹ የቀስት ጫፍ የመሰለ ጠፍጣፋ ግራጫ ዘር አስከትሎ ይወጣል። አንድ አበባ የሚመስለን ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ራስ ላይ የተሰበሰቡበት ነው፤ እያንዳንዷ ቅጠል የራሷ ዘር ያላት አበባ ናት። ዘሩ ለጥቂት ቀናት በጥላ ይደርቅና በወረቀት ይጠቀለላል፤ በላስቲክ ከታሰረ ይሻግታል። ስሙ፣ ቀለሙና የተለቀመበት ዓመት ይጻፍበታል። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ የተቀመጠ የዚኒያ ዘር ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ፓኬቱ ላይ ድቅል፣ ማለትም ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የተዳቀለ፣ መሆኑ ከተጻፈ ዘር የሚበቅሉት ልጆች እናታቸውን አይመስሉም። ንቦችም የጎረቤትን አበባ ከዚህኛው ጋር ስለሚያዳቅሉ ከአንድ ቀይ ዚኒያ የተለቀመ ዘር ብርቱካንማ፣ ሮዝና ነጭ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለጎረቤት በወረቀት ቁራጭ ጠቅልሎ የሚሰጠውም ይኸው ዘር ነው፤ የሚዘራበትን ወር ከላዩ ላይ ጽፎ።