ኤፒሳይክል ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ቡና እየጠጣን ነው። አንድ የተማረ ሰው «ዳርክ ማተር (በዓይን የማይታየው፣ በስበቱ ብቻ አለ የሚባለው ቁስ) እኮ የዘመናችን ኤፒሳይክል ነው» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ዝም አልኩ፤ ቡና ላይ የሚከራከር የፊዚክስ አስተማሪ ማን ይወዳል? ግን ይህን አባባል ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ሰውየው ሊል የፈለገው «ጣሪያው ሲያፈስ የመቱበት ቁራጭ ቆርቆሮ» ነው። ከዚያ ፀሐይን መሀል ያደረገው ኮፐርኒከስ መጣና ነቅሎ ጣለው ይባላል። ሁለቱም ልክ አይደለም።

የመስቀልን ዋዜማ አስቡ። ደመራው በሚቆምበት ቦታ እናንተ ቁሙ። አንድ ልጅ ችቦውን ከራሱ በላይ እያሽከረከረ ይዞራችኋል። ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ የሚታየው ነበልባሉ ብቻ ነው። በጥንቱ አስተሳሰብ እናንተ መሬት ናችሁ፤ ነበልባሉ ፕላኔት ነው። ልጁ የሚሄድበት ትልቅ ክብ አለ፤ ችቦው የሚሽከረከርበት ትንሽ ክብ አለ። ኤፒሳይክል ትንሹ ነው። አለቀ።

ነበልባሉን በዓይናችሁ ተከተሉት። በልጁ ማዶ ሲሆን ወደፊት ይፈጥናል። ወደ እናንተ ሲመጣ ግን ለአፍታ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቅርብ ስለሆነም ያኔ ይደምቃል። ማርስም እንዲሁ ናት። በየ26 ወሩ ገደማ በከዋክብት መሀል ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ የምትደምቀውም ያኔ ነው። አንድ ክብ ሁለቱንም ነገር ከመለሰ ልጥፍ አይባልም።

ክብ በክብ ላይ እየደረቡ ሰማንያ አደረሱት የሚባለውም ወሬ ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፕቶሎሚ ለማርስ የሰጣት ኤፒሳይክል አንድ ነው። ለጁፒተር አንድ፣ ለሳተርንም አንድ። (መጻሕፍትን በሰባው ሊቃውንት እንዳስተረጎመ ከሚነገርለት ንጉሥ በጥሊሞስ ጋር ስሙ አንድ ነው፤ ሰውየው ግን ሌላ ነው።)

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ሦስት ልጆች በተለያየ ርቀትና ፍጥነት ይዞሯችኋል። አይተያዩም። ግን የሦስቱም ክንድ ሁልጊዜ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማል፦ ፀሐይ ያለችበትን። (በትክክል ካልን «አማካይዋን» ፀሐይ፣ ማለትም በእኩል ፍጥነት የምትሄደውን የስሌት ፀሐይ፤ ይህን ካላነሳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።) ፕቶሎሚ ይህን ያውቃል፤ ስሌቱ ውስጥም አስገብቶታል። ለምን እንደሆነ ግን መልስ አልነበረውም።

መልሱን ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 አሳተመ። ልጆቹ ችቦ አያሽከረክሩም። የምትዞሩት እናንተ ናችሁ። የማርስ ኤፒሳይክል የራሳችን የመሬት ምህዋር ነው፤ ከውስጡ ሆነን ስናየው ማርስ ላይ ተሰቅሎ ይታየናል። ለቬነስና ለሜርኩሪ ነገሩ ይገለበጣል፤ የእኛ የሆነው ትልቁ ክብ ነው። ጨረቃ ደግሞ እዚህ ውስጥ የለችበትም። በፕቶሎሚ ስሌት ቢሆን ጨረቃ አንዳንዴ እጥፍ ልታክል ምንም አይቀራትም ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደማስቆው ኢብን አል ሻጢር ይህን አስተካከለ። በምን? ሌላ ኤፒሳይክል ጨምሮ።

ኮፐርኒከስ ራሱ ትንንሽ ኤፒሳይክሎችን አልተወም። ያናደደው በፕቶሎሚ ስሌት ውስጥ ኢኳንት የሚባለው ነው። የልጁ እርምጃ ከክቡ መሀል ሲታይ እኩል አይደለም፤ እኩል የሚመስለው ከመሀል ፈንጠር ካለች አንዲት ነጥብ ላይ ሲታይ ነው። ኮፐርኒከስ ይህን እንደ ማጭበርበር ቆጠረው። ክቡን ጥሎ ሞላላውን ምህዋር ያመጣው ኬፕለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1609። ያስገደደውም በማርስ ቦታ ላይ የተገኘ የ8 የዲግሪ ደቂቃ ስህተት ነው። ጨረቃን በጎን ለአራት ብትከፍሏት አንዱ ክፍል ያን ያህላል።

ዳርክ ማተር ይኑር አይኑር የእኔ ሙያ አይደለም። ግን «ኤፒሳይክል ነው» ከተባለ እውነተኛ ነገር ተይዞ ቦታው ተሳስቷል ማለት ነው። ቡና ላይ ያለው ወዳጃችን ሳያውቀው አሞግሶታል።

የካቲት 2019 ዓ.ም. ላይ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ማታ ወደ ምሥራቅ እዩ። ቀይዋ ማርስ ናት፤ ያኔ ወደ ኋላ እየሄደች ትሆናለች።