ቶክኑ ያለው የት ነው? ስለ ኤኤፍኤስ ማረጋገጫ ፈንክሽኖች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኤኤፍኤስ ፋይሎችን በኔትዎርክ ለብዙ ማሽኖች የሚያጋራ የፋይል ሲስተም ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2000 ኮዱን ክፍት ካደረገው ወዲህ የሚታወቀው ኦፕንኤኤፍኤስ በሚል ስም ነው። የትኛውም ማሽን ላይ ብትቀመጡ ፋይላችሁን በዚያው አድራሻ ታገኙታላችሁ። ዲስኩ ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ፕሮግራማችሁ በማን ስም እንደሚሠራ ለሰርቨሩ ማሳየት አለበት። ለዚህ የተዘጋጁት የሲ ፈንክሽኖች ጥቂት ናቸው። ስለነሱ የሚወራው ስህተት ግን ማለቂያ የለውም።

«ፈንክሽኑ ዜሮ ከመለሰ ተጠቃሚው ሎግኢን አድርጓል»

አላደረገም። ኬኤ_ዩዘርኦተንቲኬትጄኔራል የሚባለውን የቆየ ፈንክሽን እንውሰድ። ስምና ፓስወርድ ይቀበላል፣ ከማረጋገጫ ሰርቨሩ ቲኬት (የማንነት ማስረጃ) ያመጣል፣ ከዚያ ቶክን፣ ማለትም ለኤኤፍኤስ ሰርቨር የሚቀርበውን ማስረጃ፣ ሠርቶ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ያስቀምጣል። በቃ። የፕሮሰሱን ዩዘር አይዲ አይነካም፣ ሼልም አይከፍትም። የሎግኢን ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ያ ሁሉ የእናንተ ሥራ ነው።

ፓስወርዱ ትክክል መሆኑን ማወቅ ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ ይህን ፈንክሽን መጥራት የለባችሁም። ኬኤ_ቬሪፋይዩዘርፓስወርድ የሚባል ወንድም አለው። እሱ አረጋግጦ ይተዋል፣ ቶክን አያስቀምጥም። ስክሪን የሚቆልፍ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ይህኛው ነው።

«ቶክኑ ፋይል ውስጥ ነው፣ ቲኬቱን ካጠፋሁ አብሮ ይጠፋል»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ከርቤሮስ የሚባለው የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓት የሚሰጠው ቲኬት አብዛኛውን ጊዜ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ነው። ቶክኑ ግን ከርነል ውስጥ፣ የኤኤፍኤስ ካሽ ማኔጀር (በራሳችሁ ማሽን ላይ የሚሠራው የኤኤፍኤስ ክፍል) ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ኤክሎግ የሚባለው ትእዛዝ ቲኬቱን አይቶ ቶክን ይሠራል እንጂ ሁለቱን አያስተሳስራቸውም።

ኬዲስትሮይ ብላችሁ ቲኬቱን አጥፉና ቶክንስ የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ቶክኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። የሚያነሳው አንሎግ ነው፣ በኮድ ደግሞ ኬቲሲ_ፎርጌትኦልቶክንስ። ተቃራኒውም እውነት ነው። ኬኢኒት ብላችሁ አዲስ ቲኬት ስላመጣችሁ ቶክኑ አይታደስም፣ ኤክሎግን እንደገና መጥራት ግድ ነው።

«ቶክን የተጠቃሚው ነው»

ከሁሉም በላይ ጣጣ የሚያመጣው ይህ ነው። ቶክን የሚታሰረው ከሁለት ነገሮች በአንዱ ነው። ምንም ካላደረጋችሁ ከዩዘር አይዲው ጋር ይታሰራል። ያኔ በዚያ ማሽን ላይ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት) የሆነ ሰው ኤስዩ ብሎ ወደ እናንተ አካውንት ቢገባ በቶክናችሁ ይሠራል። ሴትፓግን ከጠራችሁ ግን አዲስ የፕሮሰሶች ቡድን ይፈጠራል። ፓግ የሚሉት እሱን ነው። ቶክኑ ከዚያ በኋላ የቡድኑ ይሆናል።

ቡድኑ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳል። ኤክሎግ ራሱ የሼላችሁ ልጅ ፕሮሰስ ነው። ያስቀመጠውን ቶክን ግን ሼሉ ያየዋል፣ ምክንያቱም ሁለቱም አንድ ፓግ ውስጥ ናቸው። ልጁ ሴትፓግ ጠርቶ ቶክን ቢያስቀምጥ ደግሞ ወላጁ አያየውም። «ስክሪፕቴ ውስጥ ሠርቷል፣ ሼሉ ላይ ግን የለም» የሚለው አቤቱታ መነሻው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ሴትፓግ፣ ከዚያ ቶክን ነው። ካገላበጣችሁት ቶክኑ አሮጌው ቡድን ውስጥ ይቀራል፣ እናንተ ባዶ እጃችሁን ትወጣላችሁ።

አስተዳዳሪው ቶክን ይዞ ከሼሉ ላይ አንድ ሰርቪስ ቢያስነሳስ? ሰርቪሱ የአስተዳዳሪውን ቶክን ወርሶ ይነሳል፣ ማንም ልብ ሳይለው። ለብዙ ሰው የሚሠራ ሰርቨር ስትጽፉም ተጠንቀቁ። በአንድ ፓግ ውስጥ ለአንድ ሴል (አንድ ተቋም ለብቻው ለሚያስተዳድረው የኤኤፍኤስ ክልል) የሚኖረው አንድ ቶክን ብቻ ነው። የሁለተኛው ሰው ቶክን ሲገባ የመጀመሪያውን ይተካዋል። ከዚያማ የአንዱ ጥያቄ በሌላው ስም ይስተናገዳል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሰው ፎርክ ማድረግና ልጁ ውስጥ ሴትፓግ መጥራት ነው። ወጪ አለው፣ ግን የሚያዋጣው እሱ ነው።

«ሩት ሁሉንም ይከፍታል»

የራሱን ማሽን አዎ። የኤኤፍኤስ ሰርቨር ግን ቶክን የሌለውን ሩት እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው የሚያየው።

«ፋይሉ ከተከፈተልኝ ማረጋገጫው ሠርቷል»

የግድ አይደለም። በኤኤፍኤስ ፈቃድ የሚሰጠው በፎልደር ደረጃ ነው፣ ሰባት ዓይነት መብትም አለ። ፎልደሩ ሲስተም፡ኤኒዩዘር ለሚባለው ቡድን ማንበብ ከፈቀደ ማንም ያለ ምንም ቶክን ያነባል። ስለዚህ ቶክን መኖሩን ፋይል በመክፈት አትፈትኑ። ኬቲሲ_ጌትቶክንን ጥሩና የሚያበቃበትን ሰዓት እዩ።

«አንዴ ካገኘሁ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ይቆያል»

ቶክን ዕድሜ አለው። ቲኬቱን የሚሰጠው የማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይረክተሪ ከሆነና ቅንብሩ ካልተነካ የቲኬቱ ዕድሜ 10 ሰዓት ነው፣ ቶክኑም ከዚያ አያልፍም። ማታ የጀመራችሁት ስሌት ጠዋት ላይ ፈቃድ የለህም የሚል ኤረር ይዞ ይጠብቃችኋል።

የባሰው ኤረሩ የሚመጣበት ቦታ ነው። ኤኤፍኤስ የጻፋችሁትን መጀመሪያ የራሳችሁ ማሽን ካሽ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ወደ ሰርቨሩ በዋናነት የሚልከው ፋይሉ ሲዘጋ ነው። ራይት የሚለው ጥሪ እሺ ብሎ ይመለሳል፣ በመሃል ቶክኑ ያበቃል፣ ውድቀቱን የሚናገረው ክሎዝ ነው። የክሎዝን መልስ የሚፈትሽ ፕሮግራመር ደግሞ ስንት ነው? ኤኤፍኤስ ላይ የሚጽፍ ኮድ ግን ያለዚህ ፍተሻ ሥራው እንደተሳካ እየዘገበ ዳታ ሊያጠፋ ይችላል።

ረጅም ሥራዎችን ኬ5ስታርት በሚባለው መሣሪያ ውስጥ አስነሷቸው። ቁልፉን ከኪታብ (የከርቤሮስ ቁልፍ ከሚቀመጥበት) ፋይል እያነበበ ቲኬቱንም ቶክኑንም በየጊዜው ያድሳል። ፓስወርድ ስክሪፕት ውስጥ ጽፎ በክሮን (ሥራዎችን በቀጠሮ በሚያስነሳው ፕሮግራም) ማስኬድ ግን ነውር ነው።

«ቶክን ካለኝ ዳታው ተመስጥሮ ነው የሚሄደው»

ማንነት ማሳየት ሌላ፣ ዳታ መመስጠር ሌላ። ምስጠራውን የሚቆጣጠረው ኤፍኤስ ሴትክሪፕት የሚባለው ትእዛዝ ነው። ሲበራም የሚጠቀመው ኤፍክሪፕት የሚባል የቆየ ዘዴ ነው። ቁልፉ 56 ቢት ብቻ ስለሆነ ለዘመኑ ደካማ ነው። አለመኖሩ ይሻላል አልልም፣ ግን የደመወዝ ዝርዝር አላምነውም።

«የድሮዎቹ ፈንክሽኖች እስካሉ ድረስ ችግር የለም»

በኬኤ የሚጀምሩት ፈንክሽኖች የሚያናግሩት ኬኤሰርቨር የሚባለውን የኤኤፍኤስ የድሮ ማረጋገጫ ሰርቨር ነው። እሱ ደግሞ ከከርቤሮስ 4 ዘመን የመጣና ዴስ በሚባለው ባለ 56 ቢት የቆየ ምስጠራ ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢኤፍኤፍ የተባለው የዲጂታል መብቶች ድርጅት ለዚሁ በሠራው ማሽን የዴስን ቁልፍ በ56 ሰዓት ሰብሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኦፕንኤኤፍኤስ ራሱ በዴስ ምክንያት ሙሉ ሴል ሊወረር እንደሚችል አስጠንቅቆ ስሪት 1.6.5ን አወጣ። ከዚያ ወዲህ የሰርቨሩ ቁልፍ ጠንካራ ሊሆን ይችላል።

አዲስ ኮድ ስትጽፉ የከርቤሮስ 5ን ላይብረሪ ተጠቀሙ። በሴሉ ስም የኤኤፍኤስን የአገልግሎት ቲኬት ጠይቁ፣ ከዚያ ቶክኑን ኬቲሲ_ሴትቶክን ያስቀምጠው። ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ ካልፈለጋችሁ ከፕሮግራማችሁ ውስጥ ኤክሎግን ማስነሳት በቂ ነው። ከሴትፓግ በኋላ ብቻ።