የቬትናም ኮሚኒስቶች ሜዳይ፦ የሻጩ ወሬና እውነታው

መጀመሪያ የገዛኋት ባጅ ፎርጅድ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ። ሰውዬው ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጣ። "የቬትኮንግ ናት፤ አጎቴ ከጦር ሜዳ ያመጣት" አለኝ። 40 ዶላር ከፈልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስድስት መንትዮቿን ተደርድረው አየኋቸው። አጎትየው ምን ያህል ጊዜ እንደዘመተ እንጃ።

እነዚህን ሜዳዮች የመሰብሰብ ፍላጎት እንዴት አደረብህ ለሚለኝ ሰው፦ ከአብዮቱ በፊት የነበሩት የአዲስ አበባ ተማሪዎች የሆ ቺ ሚንን ስም ከቼ ጉቬራ ጋር አጣምረው መፈክር ያደርጉት ነበር። ያን ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ነገሩ እንዲህ ከርቀት የተጀመረ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች ግማሾቹን እኔም ስናገራቸው ኖሬያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ቀይ ኮከብ ያለበት ሁሉ የቬትኮንግ ነው"

ሲጀመር ኮከቡ ቀይ አይደለም። መደቡ ነው ቀይ፤ ኮከቡ ቢጫ ነው። ቀይ ኮከብ ካየህ የሶቪየት ዕቃ ይዘህ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር፣ እዚህ ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ወገኖች አሉ። ቬትሚን በ1941 የተመሠረተው ንቅናቄ ነው፤ ፈረንሳዮችን በ1954 ዲየን ቢየን ፉ ላይ ያሸነፈው እሱ ነው። የሕዝብ ሠራዊት የሚባለው ደግሞ ጂያፕ የተባለው የጦር መሪ በታኅሣሥ 22 ቀን 1944 በ34 ሰዎች የጀመረው ጦር ነው። በኋላ የሰሜኑ መደበኛ ሠራዊት ሆነ፤ የዛሬው የአገሪቱ ጦርም እሱው ነው። ሦስተኛው በደቡብ የተዋጋው ብሔራዊ ነጻ አውጪ ግንባር ነው፤ በታኅሣሥ 20 ቀን 1960 ተመሠረተ። የግንባሩ ባንዲራ ላዩ ቀይ፣ ታቹ ሰማያዊ፣ መሐሉ ቢጫ ኮከብ ነው።

"ቬትኮንግ" የሚለውን ስም ለግንባሩ ሰዎች ያወጡላቸው ጠላቶቻቸው ናቸው። "ቬትናማዊ ኮሚኒስት" የሚለው ሲያጥር ነው። ራሳቸውን እንዲህ ብለው አይጠሩም ነበር፤ ስለዚህም ሜዳያቸው ላይ አልጻፉትም። ሻጩ "ይኸው፣ ቬትኮንግ ይላል" ካለህ አመስግነህ ሂድ። የግንባሩ ሽልማቶች ላይ የምታገኘው ቃል "ዛይ ፎንግ" ነው፤ ነጻ ማውጣት ማለት ነው። ቀይና ሰማያዊው ቀለምም ብዙ ጊዜ አብሮ አለ።

እግረ መንገዴን፦ ቬትናሞች ሦስት ቃል ይለያሉ። ሁአን ቹኦንግ ኒሻን ነው፤ ሁይ ቹኦንግ ሜዳይ ነው፤ ሁይ ሂየው ባጅ ነው። ገበያ ላይ ሦስቱም "ሜዳይ" ተብለው ይሸጣሉ፤ ዋጋቸው ግን አንድ አይደለም።

"ከሞተ ወታደር ደረት ላይ የተነቀለ ነው"

ይሄ ወሬ ዋጋ ይጨምራል፤ ለዚህ ነው የማይሞተው። እስቲ አስበው። የደቡቡ ሽምቅ ተዋጊ ኑሮው መደበቅ ነው። ቀን ገበሬ መስሎ ይውላል፤ ሌሊት ይዘምታል። ደረቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ኤናሜል ለጥፎ ሩዝ ማሳ ውስጥ የሚሳብ ሰው የለም። የሰሜኑ ወታደርም ቢሆን ወደ ደቡብ ሲወርድ ማዕረጉንና መለያውን ያወልቅ ነበር። ምክንያቱም ሃኖይ፣ ማለትም የሰሜኑ መንግሥት፣ በአደባባይ "ደቡብ ውስጥ ጦር የለኝም" ትል ነበር። የሌለ ጦር ደግሞ መለያ አያደርግም።

ሜዳይ የሚደረገው ለሥነ ሥርዓት፣ ለበዓል፣ ለፎቶ ነው። ጦር ሜዳ ላይ ከወታደሩ ቦርሳ ይገኝ የነበረው ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው፤ የሽልማት ምስክር ወረቀት፣ ደብዳቤ፣ ማስታወሻ። አሜሪካኖችና የደቡብ ቬትናም ጦር በደቡቡ ዋና ከተማ በሳይጎን ውስጥ የተማረኩ ሰነዶችን የሚመረምር የጋራ ማዕከል ነበራቸው፤ ወረቀቶቹን በማይክሮፊልም ያስቀሩ ነበር። ስለ ግንባሩ የሽልማት አሰጣጥ ዛሬ የሚታወቀው ብዙ ነገር የተገኘው ከእንዲህ ዓይነት ወረቀት ነው።

ከጦር ሜዳ የመጣ እውነተኛ ዕቃ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ግን ታሪኩን ሻጩ በአፉ ስለነገረህ ብቻ ገንዘብ አትጨምር።

"የ'አሜሪካ ገዳይ' ባጅ ብርቅ ነው"

ስሙ "ዙንግ ሲ ዚየት ሚ" ነው፤ "አሜሪካኖችን የደመሰሰ ጀግና" እንደ ማለት። አሜሪካዊ ሰብሳቢ ይህን ስም ሲሰማ ልቡ ይደነግጣል፤ እጁም ወደ ኪሱ ይሄዳል። ፎርጅድ ሠሪዎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ለዚህ ነው ገበያውን ያጥለቀለቁት።

እውነተኛውም ቢሆን ብርቅ አልነበረም። ግንባሩ ተዋጊ ለማነቃቃት በብዛት የሰጠው ማዕረግ ነው፤ ደረጃዎችም ነበሩት። ታንክና ተሽከርካሪ ለደመሰሰ፣ አውሮፕላን ለጣለ የራሱ አቻ ነበረው። የተሸለሙት ወንዶች ብቻም አይደሉም። ሴቶችና ገና ልጅነታቸውን ያልጨረሱም ነበሩበት። በነገራችን ላይ የደቡቡ ነጻ አውጪ ጦር ምክትል አዛዥ ራሷ ሴት ነበረች፤ ንጉየን ቲ ዲን።

ፎርጅዱን ለመለየት እኔ መጀመሪያ የማየው ፊደሉን ነው። የቬትናም ጽሑፍ ላቲን ፊደል ነው፤ ግን ከላይም ከታችም ምልክት አለው። ምልክቷ ከተዘለለች ወይም ቦታ ከሳተች ቃሉ ሌላ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ "በላ" እና "ባላ" እንደሚለያዩት። ለቱሪስት የሚቀጠቅጥ ሰው ለምልክቷ ብዙም ግድ የለውም። ምልክቶቹ የተጨማለቁ ወይም የጠፉ ከሆነ ባጁን መልሰህ አስቀምጥ። ቋንቋውን ማወቅ አያስፈልግህም፤ ስልክህ ላይ ትክክለኛውን አጻጻፍ አስቀምጠህ ማነጻጸር ይበቃል።

"ዝጎ ካረጀ የጦርነቱ ዘመን ነው"

ዝገት በአንድ ሳምንት ይሠራል። አሲድ፣ ጭቃ፣ እሳት፤ በቃ። ሆ ቺ ሚን ከተማ ውስጥ ዳን ሲን የሚባል ገበያ አለ። የወታደር ትርፍ ዕቃ በመሸጥ ይታወቃል፤ የአሜሪካ ወታደሮች ናቸው የሚባሉ የአንገት መታወቂያዎችንና ዚፖ ላይተሮችን ፎርጅድ በመሸጥም እንዲሁ። የባጁ ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ከአሉሚኒየም የተሠራ ባጅ ሁሉ "ከተመታ አውሮፕላን የተሠራ ነው" እየተባለ ይሸጣል። ከአውሮፕላን ስብርባሪ ማበጠሪያ ይሠሩ እንደነበር እውነት ነው። ይሄ ግን ለእጅህ ላይዋ ባጅ ምስክር አይሆንም።

ከዝገት የተሻለ ሰዓት ቆጣሪ አለ፤ የአገሪቱ ስም። እስከ ሐምሌ 1976 ድረስ ሰሜኑ "ቬትናም ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ" ነበር። በሐምሌ 2 ቀን 1976 አገሪቱ ስትዋሃድ ስሙ "የቬትናም ሶሻሊስት ሪፐብሊክ" ሆነ። ወረቀቱ ወይም ሜዳዩ ላይ ሁለተኛው ስም ካለ፣ ሳይጎን ወድቃ ጦርነቱ ካበቃ ቢያንስ አንድ ዓመት ያለፈው ነው። ሻጩ "1968" ብሎ ቢምልልህም።

ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ሌላኛው ጫፍ ይወድቃል፤ "እንግዲያው ፎርጅድ ነው" ይላል። አይደለም። ቬትናም ብዙዎቹን ኒሻኖች ዛሬም ትሰጣለች። የሆ ቺ ሚን ኒሻን ከ1947 ጀምሮ አለ። ለአሜሪካው ጦርነት ተሳታፊዎች የተሰጡት የመቋቋም ኒሻንና ሜዳዮችም የታደሉት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕቃው እውነተኛ ሆኖ አዲስ ሊሆን ይችላል። የዲየን ቢየን ፉ ባጅም ሁለት ዓይነት ነው። የ1954ቱ ለተሳተፉት ተዋጊዎች የተሰጠው ነው። ሌላው በየክብረ በዓሉ የሚወጣው መታሰቢያ ነው። "1954–2004" የሚል ካለበት ሃምሳኛ ዓመቱ ነው፤ ለማወቅ ሌላ ምርምር አያሻም።

"ቁጥሩ የክፍለ ጦሩ ነው"

ይቺን በጣም እወዳታለሁ። ቀይ ባጅ፣ ላዩ ላይ 30 ወይም 40 ወይም 50 ተጽፏል። ሻጩ "40ኛ ሬጅመንት፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ" ይላል። ባጁ የፓርቲ ነው። ቁጥሩ ሰውዬው የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆኖ የቆየበት ዓመት ነው። ተሸላሚው ጡረታ የወጣ መምህር ሊሆን ይችላል።

የሶቪየት ኒሻን የሚሰበስቡ ሰዎች ደግሞ ገልብጠው ጀርባውን ይፈልጋሉ። የሶቪየት ኒሻን ብዙ ጊዜ ቁጥር አለው፤ በቁጥሩ ባለቤቱን መፈለግ ይቻላል። የቬትናሞቹ አብዛኞቹ ቁጥር የላቸውም። ቁጥር ካለ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

ስለ ኮከቦቹ ደግሞ ባጭሩ፦ በዛሬው ሥርዓት ሦስት ኮከብ አንደኛ ደረጃ ነው፤ አንድ ኮከብ ሦስተኛ። ሦስት ኮከብ አይተህ "ሦስተኛ ነው" ብለህ በርካሽ አትሽጥ።

"ሜዳይ ያለው ሁሉ ጀግና ተዋጊ ነው"

ግማሹ የአገልግሎት ዘመን ነው። የክብር ተዋጊ ሜዳይ የሚባለው ሦስት ደረጃ አለው፤ ዛሬ የሚሰጠው 10፣ 15 እና 20 ዓመት ላገለገለ ወታደር ነው። 25 ዓመት የሞላው ደግሞ "ኩየት ታንግ" (ለማሸነፍ መቁረጥ እንደ ማለት) የሚባለውን የሰንደቅ ሜዳይ ያገኛል። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን መጋዘን ቢጠብቅም ያገኘዋል። ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ብቻ የጀግንነት ዋጋ አትክፈልበት። ለሶቪየት አማካሪዎች የተሰጡ የወዳጅነት ሜዳዮችም አሉ፤ ሩሲያ ውስጥ የቬትናም ሜዳይ ማግኘት የማይገርመው ለዚህ ነው።

"አሜሪካ ውስጥ መያዝ ወንጀል ነው"

አይደለም። ይህ ወሬ የመጣው አሜሪካ በቬትናም ላይ ከጣለችው የንግድ ማዕቀብ ይመስለኛል። ማዕቀቡ በየካቲት 1994 ተነስቷል፤ በ1995 ሁለቱ አገሮች ግንኙነት ጀመሩ። ግን ሕግና ስሜት ለየቅል ናቸው። በ1999 ካሊፎርኒያ፣ ዌስትሚንስተር ውስጥ አንድ ቬትናማዊ የቪዲዮ ሱቁ ላይ የሆ ቺ ሚንን ፎቶና የኮሚኒስቱን ባንዲራ ሰቀለ። በሺዎች የሚቆጠሩ የአገሩ ሰዎች ወጥተው ለሳምንታት ተቃወሙት። በጀልባ የተሰደዱ፣ እስር ቤት የከረሙ፣ ዘመድ የቀበሩ ሰዎች ናቸው። የደርግ ባጅ ደረትህ ላይ ሰክተህ ቀይ ሽብር ልጇን የወሰደባት እናት ቤት ብትገባ ምን ይሰማታል? እኔ የቬትናም ምግብ ቤት ስሄድ ስብስቤን የሚመለከት ወሬ አላነሳም፤ ሰውዬው ራሱ ካላመጣው በቀር።

"ዋናው ብረቱ ነው፣ ወረቀቱ ይቅር"

ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሰውዬው "ወረቀቱንም ውሰደው" ሲለኝ ታጥፏል፣ ሻግቷል ብዬ ትቼለት ሄጃለሁ። ዛሬ ይቆጨኛል። ብረቱ አንድ ዓይነት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን የሰው ስም፣ ክፍሉ፣ ብዙ ጊዜም የትውልድ መንደሩ፣ ማኅተምና ቀን አለ። ወረቀትም ይፈበረካል፤ ቢሆንም ማኅተሙን፣ የአገሩን ስምና ቀኑን አንድ ላይ ሳያፋልሱ መፈብረክ ከባድ ነው።

ስም ሲኖር ግን ሌላ ጣጣ አብሮ ይመጣል። ቬትናም ውስጥ አጽማቸው ያልተገኘ ወይም ማንነታቸው ያልታወቀ የጦርነቱ ሟቾች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። አንዲት የሰሜን ሐኪም በ1970 ተገደለች። ማስታወሻ ደብተሮቿን አንድ አሜሪካዊ ወታደር ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። እናቷ ደብተሮቹ መኖራቸውን ያወቀችው በ2005 ነው። ስለዚህ አሁን ስም ያለበት ወረቀት ስገዛ መጀመሪያ በሁለቱም በኩል ፎቶ አነሳለሁ። መንደሩ ከተነበበ ቬትናምኛ ለሚችል ወዳጄ እልካለሁ፤ እሱ ይጠይቃል። እስካሁን መልስ የመጣው ለአንዱ ብቻ ነው። ሰውዬው በሕይወት ነበር፤ ወረቀቱን እንዳልፈለገው፣ ሌላ እንዳለው ነገረን።