ፐብሊክ አክሰስ፦ የሰፈር ሰው እንግዳ የሚሆንበት ቴሌቪዥን

በአሜሪካ ኬብል ያለው ሰው ቻናል ሲቀያይር አንዳንዴ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመዋል። ሁለት ወንበር፣ መሐል ላይ ትንሽ ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ከጀርባ ጥቁር መጋረጃ። አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። እንግዳዋ ሚኒስትርም ዘፋኝም አይደለችም። እዚያው ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት፤ ወይም ለአረጋውያን ምግብ የሚያደርስ ማኅበር አስተባባሪ። ይህ ፐብሊክ አክሰስ ነው፤ ነዋሪው ራሱ አዘጋጅቶ የሚያቀርብበት የኬብል ቻናል። ከትምህርት ቤቶችና ከአካባቢ መንግሥት ቻናሎች ጋር ሲደመር ሦስቱ በአንድ ላይ «ፔግ» ይባላሉ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው የቱ ነው የሚለው ያከራክራል። ብዙ ጸሐፊዎች ከኒው ዮርክ ይጀምራሉ። ማንሃተን ውስጥ ሁለት የኬብል ኩባንያዎች ፈቃድ ሲወስዱ ለሕዝብ ቻናል እንዲለቁ ተገደው ነበር፤ ቻናሎቹም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ተከፈቱ። እኛ ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ግን ዴል ሲቲን ሳንጠቅስ አናልፍም። ዛሬ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ ያለች ከተማ ናት። እዚያ የወጣት ነጋዴዎች ማኅበር በ1968 የራሱን የኬብል ቻናል ከፍቶ፣ ማስታወቂያ ሳይቀበል፣ እስከ 1970 አሰራጨ። ገንዘብ ሲያልቅ ተዘጋ። ኒው ዮርኮች «ያ ሌላ ነገር ነው» ይላሉ። ይበሉ።

ሐሳቡ ራሱ ከካናዳም ይመዘዛል። በ1967 የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ባለሙያዎች ፎጎ ወደምትባል የኒውፋውንድላንድ ደሴት ሄዱ። ዓሣ አጥማጆቹ ስለ ችግራቸው ሲናገሩ ቀረጹና ፊልሙን መልሰው ለራሳቸው አሳዩ። ከዚያም ለመንግሥት ሰዎች አሳዩ። በዚሁ የቦርዱ ፕሮግራም ውስጥ በኋላ የሠራው አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ጆርጅ ስቶኒ ልምዱን ይዞ ኒው ዮርክ ገባ። ከሥራ ባልደረባው ከሬድ በርንስ ጋር በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ከፍቶ ተራውን ሰው ካሜራ ማንሳት ያስተምር ጀመር። «የፐብሊክ አክሰስ አባት» የሚሉት እሱን ነው። በ2012 በ96 ዓመቱ አረፈ። ጊዜውም ረድቶታል፤ ሶኒ በትከሻ የሚያዝ የቪዲዮ መቅረጫ ገበያ ላይ ያወጣው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነበር።

ቀጥሎ ነገሩ ወደ ሕግ ገባ። በ1972 ሬዲዮና ቴሌቪዥንን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ100ዎቹ ትልልቅ የቴሌቪዥን ገበያዎች የሚሠሩ የኬብል ድርጅቶች ለሕዝብ፣ ለትምህርትና ለአካባቢ መንግሥት አንዳንድ ቻናል እንዲለቁ አዘዘ። ከስቱዲዮ በቀጥታ የሚተላለፍ ነገር ከአምስት ደቂቃ ካልበለጠ የዝግጅት ወጪ አይጠየቅበትም ነበር። አምስት ደቂቃ ለእኛ ሰው ሰላምታ ብቻ ነው። በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ኮሚሽኑ ይህን የማዘዝ ሥልጣን ኮንግረሱ አልሰጠውም» ብሎ ደንቡን ሻረው። በ1984 ኮንግረሱ ራሱ ሕግ አወጣ፤ አርቃቂው የአሪዞናው ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር ነበር። እስከ ዛሬ የሚሠራው ይህ ሕግ ነው። ከተማው ወይም ካውንቲው ለኩባንያው ፈቃድ ሲሰጥ ቻናል እንዲለቅለት መጠየቅ ይችላል። ከኬብል ገቢውም እስከ 5 በመቶ ያስከፍላል። ኩባንያው ደግሞ በፕሮግራሙ ይዘት እጁን አያስገባም።



አሠራሩ ቀላል ነው። ነዋሪው አጭር ኮርስ ይወስዳል፣ ፕሮዲዩሰር ይሆናል፣ ስቱዲዮ ያስይዛል። ካሜራ የሚይዙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የአማርኛ ፕሮግራሞች በእነዚህ ቻናሎች መታየት ከጀመሩ ቆይተዋል።

ካሜራ ይዤ ብዙ እሑድ አሳልፌአለሁና ስቱዲዮው ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ለእንግዳ ቀድሞ የሚነገረው «ነጭ አይልበሱ» የሚል ነው። ነጭ ልብስ መብራት ሲያርፍበት ያበራል፣ ፊት ይጨልማል። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጡ እናትን «ነጠላዎን ያውልቁ» የሚል ደፋር እስካሁን አላየሁም። አይሪሱን፣ ማለትም ወደ ካሜራው ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ማስተካከል ይቀላል። ሚኒ ማይኩ ነጠላው ላይ ከተሰካ ደግሞ ሲንኮሻኮሽ ይውላል። ስለዚህ ቀሚሱ አንገት ላይ ይሰካል፤ ይህንንም የምትሰካው ሴት ልጅ መሆን አለባት። «እንኳን ደህና መጡልን እትዬ» ሲባል «ይመስገን» ይላሉ። ቤተሰብ ይጠየቃል። አሁንም «ይመስገን»። ግማሽ ሰዓት የሚባለው ፕሮግራም 28 ደቂቃ ገደማ ነው። ስቱዲዮውን የሚያስተባብረው ፍሎር ማናጀር «አምስት ደቂቃ ቀረ» ለማለት አምስት ጣት ሲያሳያቸው ሰላም ያላቸው መስሏቸው እጃቸውን የሚያነሡም አሉ።

አነስተኛ ንግድ ላላቸው ትልቁ ፈተና የማስታወቂያ ክልከላው ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ጤፉን እንዴት እንደምታቦካ፣ ሥራውን በማን ብድር እንደጀመረች፣ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትነሣ ማውራት ትችላለች። «አንዱ ፓኬት ይህን ያህል ነው፣ መጥታችሁ ግዙ» ካለች ግን ቀረጻው ይቆማል። መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል። እኔ ግን ደንቡ ወሬውን ያሻሽለዋል ባይ ነኝ። ዋጋ መጥራት ያልተፈቀደለት ሰው ታሪክ ከማውራት ሌላ ምን ምርጫ አለው? ለበጎ አድራጎት ማኅበራትም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ ስለ ገንዘብ ልመና ግን ጣቢያው ሁሉ የየራሱ ደንብ አለው።

ሁሉ ይግባ ሲባል ስድብም ይገባል። የፖለቲካ ፕሮግራሞች ያስነሡት ጭቅጭቅ ቀላል አይደለም፤ ዝርዝሩን እዚህ አላነሣውም። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማንሃተኑ ጣቢያ ጉዳይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ቻናሉን የሚያስተዳድረው የግል ማኅበር መንግሥት ስላልሆነ፣ በመናገር ነፃነት አንቀጽ ሊከሰስ አይችልም አለ። አንዳንዶች ይህ የፐብሊክ አክሰስን ነፍስ የነካ ነው ይላሉ።

የዛሬው ጭንቀት ገንዘብ ነው። 5 በመቶው የሚሰላው ከኬብል ቴሌቪዥን ገቢ እንጂ ከኢንተርኔት አይደለም። ሰው ኬብሉን እየቆረጠ ወደ ስልኩ ሲዞር ለጣቢያዎቹ የሚደርሰው ድርሻም አብሮ ይቀንሳል። ከ5 በመቶው በላይ የሚጠየቀው ገንዘብ ደግሞ ለዕቃና ለሕንፃ እንጂ ለደመወዝ አይውልም። አዲስ ካሜራ ተገዝቶ የሚያበራው ሰው የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ድሮ እንግዶች ሲወጡ የሚጠይቁት «መቼ ነው የሚተላለፈው?» ብለው ነበር፤ ቀኑንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፈን እንሰጣቸዋለን። አሁን ገና ማይኩ ሳይነቀል «ሊንኩን ላኩልኝ» ይላሉ። ማታውኑ አዲስ አበባ ላሉት እኅታቸው በቴሌግራም ይደርሳል።