ስምንተኛው ፈረስ፦ የተወዳዳሪ ማነስና ውርርድ በብሪታንያ የፈረስ እሽቅድምድም

ብሪታንያ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው 59 የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳዎች አሉ። ከገና ሰሞን ጥቂት ቀናት በስተቀር፣ ክረምት ከበጋ ከአንዱ ሜዳ ሩጫ አይጠፋም። በዓመት ከ1,400 በላይ መርሐ ግብር፣ ማለትም የአንድ ሜዳ የአንድ ቀን ውሎ፣ ይወጣል፤ በአንዱ መርሐ ግብር ብቻ ስድስት ሰባት ውድድር ይካሄዳል። ውድድሩ ሞልቷል፤ ያጠረው ፈረስ ነው። በቅርብ ዓመታት በተለይ በመሰናክል ዝላይ የተወዳዳሪው አማካይ ቁጥር 8 አካባቢ ነው የሚዋልለው። አራት ወይም አምስት ፈረስ ብቻ የሚሰለፍበት ውድድር ብርቅ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስምንት ቁጥር እዚህ ስፖርት ውስጥ ትልቅ ቦታ አላት። ምክንያቱ ኢች-ዌይ የሚባለው ውርርድ ነው። ኢች-ዌይ ሁለት ትኬት አንድ ላይ እንደመቁረጥ ነው። ግማሹ ገንዘብ ፈረሱ አንደኛ ይወጣል ተብሎ ይመደባል፤ ግማሹ ደግሞ ደረጃ ውስጥ ይገባል ተብሎ። ደረጃ ማለት ምን እንደሆነ የሚወስነው የተወዳዳሪው ብዛት ነው። በተለመደው ደንብ አራትና ከዚያ በታች ፈረስ ካለ ለደረጃ የሚከፈል ነገር የለም። ከአምስት እስከ ሰባት ከሆኑ እስከ ሁለተኛ ይከፈላል፣ በኦዱ ሩብ። ኦድ ማለት የተያዘው ገንዘብ ስንት እጥፍ እንደሚያተርፍ የሚናገር ቁጥር ነው፤ 10 ለ 1 ከሆነ አንዲት ፓውንድ አሥር ታተርፋለች። ስምንት ከሞሉ እስከ ሦስተኛ ይከፈላል፣ በኦዱ አንድ አምስተኛ። ሀንዲካፕ በሚባለው፣ ማለትም ጠንካራው ፈረስ ክብደት ተጭኖበት ከደካማው ጋር በሚመጣጠንበት ውድድር፣ 16 እና ከዚያ በላይ ከተሰለፉ አራተኛውም ገንዘብ ያመጣል።

በምሳሌ እንየው። 10 ለ 1 ኦድ ባለው ፈረስ ላይ አሥር ፓውንድ ኢች-ዌይ አስያዙ፤ ጠቅላላ ወጪዎ 20 ፓውንድ ነው። ሀንዲካፕ ባልሆነ የስምንት ፈረስ ውድድር ሦስተኛ ቢወጣ 30 ፓውንድ ይመለስልዎታል፤ የ10 አንድ አምስተኛ 2 ነውና የደረጃዋ አሥር ፓውንድ 20 አትርፋ ራሷም ትመለሳለች። ሰባት ፈረስ ብቻ ሮጦ ሦስተኛ ቢወጣ ግን ሃያዋም ቀልጣ ቀረች። ፈረሱ ያው ነው፣ ሩጫው ያው ነው። የጎደለው ምናልባት ጠዋት ላይ እግሩን ያመመው ስምንተኛ ፈረስ ነው።

ልክ ስምንት የተሰለፉበትን ውድድር ተወራራጆች «ዴድ ኤት» ይሉታል፤ በጣም ይወዱታል። ከስምንቱ ውስጥ አንድ ከሁሉም የላቀ ፈረስ ካለና ሁለቱ ተስፋ ቢስ ከሆኑ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያሸንፋል ተብሎ የተገመተውን ኢች-ዌይ መያዝ ለአወራራጁ ቤት ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ቤቶቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ውርርዱ ከተያዘ በኋላ አንድ ፈረስ ሳይሮጥ ከውድድሩ ከወጣ ደግሞ ደረጃው የሚቆጠረው በእርግጥ በተነሱት ፈረሶች ልክ ነው። በዚያ ላይ «ሩል ፎር» የሚባል ደንብ አለ፤ እንደወጣው ፈረስ ኦድ መጠን ከአሸናፊዎች ክፍያ ላይ ይቀነሳል። የሜዳው ዳር አወራራጆች፣ እነዚያ ሰሌዳቸውን ተክለው በቁማቸው ሒሳብ የሚሠሩት፣ ይህን ሁሉ በደቂቃ ውስጥ ያስተካክላሉ። ሙያ ነው፤ ቢወዱትም ባይወዱትም።

ጥቂት ፈረስ ማሰለፍ በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኒውማርኬት የተለመደው ግጥሚያ የሁለት ፈረስ ነበር። በ1769 ኤክሊፕስ የሚባል ፈረስ በኤፕሰም ሲሮጥ ቁማርተኛው ዴኒስ ኦኬሊ «ኤክሊፕስ አንደኛ፣ ሌላው የትም የለም» ብሎ ተወራረደ፤ አሸነፈም። ኤክሊፕስ 18 ጊዜ ሮጦ አልተሸነፈም። በርካታዎቹን ያሸነፈው ግን ተቀናቃኝ ጠፍቶ ብቻውን ነው። በእሱ ላይ የሚወራረድ ከየት ይምጣ?

የዛሬው ችግር ዋና ሥሩ ገንዘብ ነው። አወራራጆች ከፈረስ ውርርድ ከሚያገኙት ያልተጣራ ትርፍ ከመጀመሪያው 500,000 ፓውንድ በላይ ባለው ላይ 10 ከመቶ ለሌቪ ቦርድ፣ ይህን ገንዘብ ሰብስቦ ለስፖርቱ ለሚያውለው አካል፣ ይከፍላሉ። ይህ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያስገባል፤ ሽልማቱም በከፊል ከዚያ ይወጣል። ተወዳዳሪ ሲያንስ ውርርድ ይቀዘቅዛል፤ ውርርድ ሲቀዘቅዝ ሽልማት ይሳሳል። ሽልማት ሲሳሳ ባለቤቱ ጥሩ ፈረሱን ለሆንግ ኮንግ ወይም ለአውስትራሊያ ይሸጣል። ያኔ ተወዳዳሪው ጭራሽ ያንሳል። መርሐ ግብሩ የበዛው አወራራጆች በየጥቂት ደቂቃው ሩጫ ስለሚፈልጉ ነው የሚሉ አሉ። ሜዳዎቹም ከእያንዳንዱ ውድድር የሥርጭት ገቢ ስላላቸው ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይመስሉም። አየሩም አለበት፤ መሬቱ ሲደርቅ አሠልጣኞች የፈረሱን እግር ላለመጉዳት ከውድድር ያወጡታል። ከ2024 ጀምሮ የስፖርቱ አስተዳዳሪ አካል የዝላይ ውድድሮችን ቁጥር መቀነስ ይዟል።

ጥቂት ፈረስ ማለት ግን ውጤቱ የታወቀ ነው ማለት አይደለም። በጉድዉድ ሜዳ የሚካሄደው ሰሴክስ ስቴክስ የሚባል ውድድር ሁለቱንም አሳይቷል። በ2012 ፍራንከል ከሦስት ተቀናቃኞች ጋር ሲሰለፍ ኦዱ 1 ለ 20 ነበር። 20 ፓውንድ አስይዞ አንዲት ፓውንድ ማትረፍ ማለት ነው። በስድስት የፈረስ ቁመና ርዝመት ቀድሞ አሸነፈ። በሄንሪ ሴሲል ሥልጠና 14 ጊዜ ሮጦ 14 ጊዜ ያሸነፈ ፈረስ ነውና ማን ይገረማል። በ2025 ደግሞ ሰባት ፈረሶች ተሰለፉ። የሁሉም ዓይን ፊልድ ኦፍ ጎልድ ላይ ነበር። ባለቤቱ ጀድሞንት ለእሱ ፍጥነት እንዲያወጣ ኪራት የሚባለውን ሌላ ፈረሱን 70,000 ፓውንድ ከፍሎ ዘግይቶ አስመዘገበው። የማራቶን ተመልካች እንደሚያውቀው ፔስ ሜከር መሆኑ ነው። ሌሎቹ «ይደክማል፣ ይመለሳል» ብለው ለቀቁት። ኪራት አልተመለሰም። 150 ለ 1 ኦድ ይዞ አንደኛ ወጣ፤ ፊልድ ኦፍ ጎልድ አራተኛ ሆነ። በብሪታንያ የግሩፕ 1፣ ማለትም የከፍተኛው ደረጃ፣ ውድድር እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ኦድ ያሸነፈ አልነበረም። ሦስት ወር ሳይሞላ በአስኮት ፓወርፉል ግሎሪ በ200 ለ 1 አሸንፎ ክብረ ወሰኑን ወሰደበት።

ፈረስ በሚበዛበት በሌላው ጫፍ ያለው የኤይንትሪ ሜዳው የመሰናክል ዝላይ ውድድር፣ ግራንድ ናሽናል ነው። በ1929 በአንድ ጊዜ 66 ፈረሶች ተነሡ፤ ያሸነፈው ግሬጋላክ ኦዱ 100 ለ 1 ነበር። በ1967 ከፊት ያሉት አንድ አጥር ላይ ሲተረማመሱ ከኋላ የመጣው ፎይናቨን በዚያው 100 ለ 1 አሸነፈ። ለደኅንነት ሲባል የተወዳዳሪው ጣሪያ ከ40 ወደ 34 የወረደው በ2024 ነው።

ከሁሉም የሚያንሰው «ዎክ ኦቨር» ይባላል፤ አንድ ፈረስ ብቻ ሲቀር። ደንቡ ግን አይታለፍም። ጋላቢው ይመዘናል፣ ይወጣል፣ ፈረሱን በዳኛው ፊት ያሳልፋል። አወራራጆቹ ያን ጊዜ ሰሌዳቸውን ለቀጣዩ ውድድር እያጸዱ ነው።